ምሳር ከመነሣቱ በፊት፤ በየካና በእንጦጦ ዛፎች መካከል ጎጆ የያዙ ወፎችን ስለ ማስተዋልና ስለ መለየት

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እስከ እንጦጦ ማርያምና እስከ ቅዱስ ራጉኤል፣ ከየካ ሚካኤል ራስጌ ካለው ጋራ እስከ ኮተቤ ዳገት ድረስ በተዘረጋው ደን ውስጥ ዕለት ዕለት የሚሠራው ሰው ብዙ ነው። ባሕር ዛፍ የሚቈርጠውና አጣናውን የሚያወርደው፣ ጭራሮና ቅጠል ለቅማ ከቁመቷ የሚበልጥ ሸክም በጀርባዋ ይዛ ወደ ከተማ የምትወርደው፣ በክረምት ችግኝ የሚተክለው፣ በእንጦጦ ፓርክ ሣር የሚያጭደው፣ በአድባራቱ ዐጸድ ውስጥ የደረቀ ቅርንጫፍ የሚያወርደው ሁሉ፣ ሳያስተውለው በወፎች ቤት መካከል ሲመላለስ ይውላል። ይህች ጽሑፍ ለእነዚህ ሠራተኞች የተዘጋጀች ስለሆነች፣ ቀኑን ሙሉ በዝምታ ተቀምጦ ለመዋል ጊዜ ያለውን ጐብኚ አትመለከትም፤ በእጁ ምሳር፣ መጋዝ፣ ገጀራ ወይም ማጭድ ይዞ፣ ሥራውንም ሳያስታጕል፣ በየትኛው ዛፍ ላይ ሕይወት እንዳለ አውቆ ያንን ለጊዜው ለማለፍ የሚሻውን ሰው ግን በተቻላት መጠን ትረዳዋለች።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ጎጆ በመፈለግ ብዙ ጊዜ የማይገኝ መሆኑ ነው። ወፍ ቤቷን ስትሠራ ዋና አሳቧ ከዓይን መሰወር ስለሆነ፣ ቅጠሉን እየገለጠ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚዞር ሰው ብዙውን አልፎ ጥቂቱን ቢያገኝ ነው፤ ያንኑም ጥቂት የሚያገኘው ባለቤቲቱን አስደንግጦና አባርሮ ነው። ወፏ ግን ቤቷን እንጂ ራሷን ልትሰውር አትችልም፤ ሣር ማመላለስ፣ ጫጩት መመገብ፣ ጠላት ሲቀርብ መጮኽ ግዴታዋ ነውና። ስለዚህ ዛፉን ትተው ወፏን ይመልከቱ፤ እሷ ራሷ ወስዳ ታሳይዎታለች።

ስለ ቦታውም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጎጆው በዛፉ ዐይነት ይወሰናል። የዚህ ጋራ ጥንታዊ ልብስ ጽድና ወይራ፣ ከፍ ሲልም ኮሶ፣ አስታና አምጃ ነበረ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እያለቀ ሲሄድ፣ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዪቱን ከመነቀል አዳናት፤ ጋራውንም በሙሉ ወረሰው። ባሕር ዛፍ ለሰው ያደረገው በጎ ነገር የማይካድ ቢሆንም፣ ለትናንሽ ወፎች የሚሰጠው መኖሪያ እጅግ ጠባብ ነው፤ ግንዱ ለስላሳና ቅርፊቱ የሚላጥ፣ ቅርንጫፉ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ ከሥሩም ቊጥቋጦ የሚያሳድግ አይደለምና። ስለዚህ በለጋ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሲሠሩ የሚጠብቁት በጫፉ ላይ ያለውን የርግብ ጎጆ፣ ካረጁት ረጃጅሞች ላይ ደግሞ የጭልፊትንና የጥንብ አንሣን ማደሪያ ነው። የጽድና የወይራ ቅሪት ባለበት፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ኤምባሲዎች ሰፋፊ ግቢ፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር የአገር ዛፍ መልሶ በተከለበት የእንጦጦ ክፍል ግን፣ እያንዳንዱን ቀጋና አጋም እንደ ተያዘ ቤት ቈጥረው ይቅረቡት።

ወራቱን በተመለከተ፣ በእኛ ደጋ ወፎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይወልዱም። ትል የሚበሉት ትናንሾቹ ከበልጉ ዝናብ ጀምሮ እስከ ክረምቱ መግቢያ፣ የሣር ፍሬ የሚለቅሙት ደግሞ ሣሩ ዘር ከያዘበት ከክረምቱ ማብቂያ ወዲህ ይበረታሉ፤ አዳኞቹ አሞሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት በኋላ ባለው በጋ ጎጆ ይይዛሉ። ባሕረ ሐሳባችን ክረምቱን በየክፍሉ ሲያስቀምጥ በነሐሴ ከሚውሉት አንዱን ዕጕለ ቋዓት ብሎ በቁራ ጫጩቶች ይሰይመዋል፤ ስያሜው ከመዝሙረ ዳዊት የመጣ እንጂ በዱር ተመርምሮ የተገኘ አይደለም፤ ሆኖም ከዝናቡ ጋር የጫጩት አፍ መከፈቱን ለማስታወስ ለሠራተኛ የተመቸ ምልክት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስም በሰኔና በሐምሌ በገፍ የሚካሄደው ችግኝ ተከላ ከዚሁ ወራት ጋር ስለሚገጥም፣ ለጉድጓድ ቦታ ለማጽዳት ቊጥቋጦ የሚመነጥር ሰው ከቈራጩ ይልቅ መጠንቀቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ቈራጩ ወደ ላይ ማየቱ አይቀርም፣ መንጣሪው ግን ሁልጊዜ ወደ እግሩ ያያልና።

እንግዲህ ጠዋት ከሥራው ቦታ ሲደርሱ መሣሪያዎን ሳያነሡ ከዛፎቹ ጠርዝ ራቅ ብለው፣ ጀርባዎን ለግንድ ሰጥተው ይቁሙ። ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ጧት አንድና ሁለት ሰዓት መካከል ከሆነ ከቀኑ ሁሉ ይበልጣል፤ ወፎች ከሌሊቱ ብርድ በኋላ የሚሠሩበትና የሚመግቡበት ሰዓት ነውና። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሰሙት ጩኸት ስለ እርስዎ መምጣት የሚጮኹት ነው፤ አይቍጠሩት። ጸጥታው ሲመለስ ግን በመንቆሯ አንዳች ነገር ይዛ የምትበር ወፍ ካዩ ዓይንዎን ከእሷ አይንቀሉ። የያዘችው ጭራሮ፣ ሣር፣ የዛፍ ሽበት፣ የሸረሪት ድር ወይም ላባ ከሆነ ገና በመሥራት ላይ ናት፤ ትል ወይም ፌንጣ ይዛ ሳትውጠው ወደ አንድ አቅጣጫ ደጋግማ ከሄደች ጫጩቶቹ ተፈልፍለዋል፤ ከቅጠሉ ውስጥ ስትወጣ ነጭ ከረጢት የመሰለ ነገር ይዛ ርቃ ከጣለችው ደግሞ የልጆቿን ኩስ ማውጣቷ ነውና ጎጆው ከወጣችበት ቦታ አጠገብ መሆኑን አይጠራጠሩ።

የገባችበትን ዛፍ ለይተው ቅርንጫፉን መለየት ካቃተዎ ወደፊት አይሂዱ። ከቆሙበት ተነሥተው ወደ ጎን ሃያና ሠላሳ እርምጃ ያህል ፈቀቅ ይበሉና ከዚያ ሆነው ስትመለስ ይጠብቋት፤ ከመጀመሪያው ቦታ ያዩት መስመርና ከሁለተኛው ያዩት መስመር የሚገናኙበት ላይ ጎጆው አለ። ይህ ዘዴ እግርዎን ከቊጥቋጦው ሳያስገቡ ሥራውን ይጨርሳል።

ወፏ አውቃብዎት ምግቧን እንደ ያዘች ከቅርንጫፍ ላይ ቆማ አጭር፣ ደረቅ፣ ተደጋጋሚ ድምፅ የምታሰማበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ እርስዎ በአንድ ወገን ሲራመዱ ድምፁ የሚፈጥን፣ በሌላው ሲራመዱ የሚረግብ ከሆነ፣ በሚፈጥንበት ወገን እየቀረቡ ስለሆነ ወደ ኋላ ይመለሱ። ከእግርዎ ሥር ተነሥታ ክንፏ እንደ ተሰበረ እየተንፏቀቀች ልታርቅዎ የምትሞክር ወፍ ካጋጠመችዎ ግን አይከተሏት፤ እግርዎን ባሉበት አቁመው መሬቱን ይመልከቱ፣ እንቁላሉ ወይም ጫጩቱ አጠገብዎ ነው። ከሁሉ የሚያታልለው ዝም ብሎ የሚቀመጠው ነው፤ ርግብ ታቅፋ ሳለ ሰው ከሥሯ ቢያልፍ አትነቃነቅም፣ ስለዚህ ወፍ አልበረረም ማለት ጎጆ የለም ማለት አይደለም።

ወደ ዛፉ ለመቅረብ ጊዜው ሲደርስ ከመሬት ይጀምሩ። ከአንድ ቅርንጫፍ ሥር ብቻ ተከማችቶ የነጣ ኩስ፣ ከላዩ ማደሪያ ወይም ትልቅ ጎጆ እንዳለ ያመለክታል። የእንቁላል ቅርፊት ግን እንደሚታሰበው የታመነ ምስክር አይደለም፤ ብዙዎች ወፎች ጫጩቱ ሲወጣ ቅርፊቱን አንሥተው ርቀው ስለሚጥሉት፣ ቅርፊት የተገኘበት ዛፍ ባዶ፣ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ያለው ግን ባለቤት ያለው ሊሆን ይችላል። ከደረቀ ግንድ ሥር ገና ያልጠቈረ የእንጨት ፍቅፋቂ ካዩ ቀና ይበሉ፤ ግንደ ቆርቁር ክብ ቀዳዳ እየፈለፈለ ነው። በጽዱ ውስጥ ከሚገኙት ግንደ ቆርቁሮች አንዱ በአገራችንና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖር ስለሆነ፣ ያንን ግንድ ለማገዶ መጣል ከማገዶው ዋጋ የበለጠ ነገር ማጥፋት ነው። ቀዳዳው የቈየ ከሆነ አፉን ያስተውሉ፤ ጠርዙ በእግርና በደረት መመላለስ ተልጎ ከወዛ ይኖርበታል፣ የሸረሪት ድር ከጋረደው ባዶ ነው። ግንዱን የግድ የሚጥሉት ከሆነ በምሳሩ እጀታ አንድ ጊዜ ብቻ ቀስ አድርገው ያንኳኩና ጥቂት ይታገሡ፤ ነዋሪ ካለ ብዙ ጊዜ ራሱን ብቅ ያደርጋል።

ከዚህ በኋላ የጎጆው ባለቤት ማን እንደ ሆነ መለየት ይመጣል፤ ይህም ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም፣ ዛፉ ስንት ሳምንት እንደሚታለፍ የሚወስነው ይኸው ነው።

ትልቅ የጭራሮ ክምር ከፍ ባለ ዛፍ ላይ ሲያዩ አራት ባለቤቶችን ያስቡ። በጭራሮው መካከል ጨርቅ፣ ወረቀትና ላስቲክ ተሰክቶ ከተንጠለጠለ፣ ያ በከተማው ሰማይ ላይ ሲዞር የሚውለው፣ መንቆሩ ቢጫ፣ ጭራውም መሐሉ ጎደል ያለው ጭልፊት ነው፤ የቤቱን ምንጣፍ ከቆሻሻችን ይሰበስባልና። በጭራሮው ላይ አዲስ አረንጓዴ ቅጠል የሚነጠፍ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ከላይ ጥቍር፣ ጭራው የሸክላ ቀለም ያለው፣ በየሜዳው ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው አሞራ ነው፤ ገበሬ ቢያመሰግነው የሚገባ ወፍ ሆኖ ሳለ ዶሮ ነጣቂ ተብሎ ከጭልፊት ጋር ይወገራል። ሦስተኛው ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ መንቆሩ እንደ ምሳር የወፈረው የደጋ ቁራ ነው፤ እርሱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አይራባም። አራተኛው ፊቱ ያለ ላባ ቀላ ያለ፣ ከሌሎቹ ጥንብ አንሣዎች አነስ የሚለው፣ በቄራና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ የምናየው ጥንብ አንሣ ነው። ይህ ወፍ ትናንት በየመንደሩ ሞልቶ ስለ ነበር ማንም አይደነቅበትም፤ ዛሬ ግን በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት መካከል ተመዝግቧል፤ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ስለሚጥል አንዲት ዛፍ ያለ ጊዜዋ መውደቋ የዓመቱን ዘር በሙሉ መውሰድ ነው።

ከዚያ ዝቅ ሲል፣ ሰማዩ በመካከሉ እስኪታይ ድረስ ሳስቶ የተረበረበ ጥቂት ጭራሮ የርግብ ነው፤ ሁለት ነጫጭ እንቁላሎች ይኖሩበታል። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትገኘው ጠቈር ያለች፣ በአንገቷ ግራና ቀኝ ጥቍር ምልክት ያለባት ናት። ነገር ግን በጥቅጥቅ ጽድና ወይራ ውስጥ ተመሳሳይ ስስ ጎጆ ካዩ ለርግብ ለመስጠት አይቸኩሉ፤ አረንጓዴ ሆና ስትበር ክንፏ እንደ ደም የሚቀላው፣ በጉንጯ ላይ ነጭ ያላት ትልቋ ወፍም እንዲሁ ያለ ብዙ ድካም የተረበረበ ቤት ነው የምትሠራው።

የተንጠለጠለ ጎጆ በሁለት ይከፈላል። ከአረንጓዴ ሣር በጥንቃቄ ተጠልፎ መግቢያው ወደ ታች የሆነው የቢጫዋ ሸማኔ ወፍ ነው፤ በቆላ እንደምናያቸው ዘመዶቿ በአንድ ግራር ላይ መቶ ሆነው አይሰፍሩም፣ በየካ ግቢዎች ውስጥ ባልና ሚስት ለብቻቸው ይሠራሉ። በሸረሪት ድር ተጣብቆ፣ ሽርፍራፊ የተለጠፈበት፣ መግቢያው በጎን ሆኖ ከላዩ እንደ ደጀ ሰላም ጥላ ያለው ግን የአበባ ማር ቀሳሚዋ ነው፤ ወንዱ በፀሐይ ሐምራዊና አረንጓዴ ሆኖ ሲያብረቀርቅ ከሩቅ ይታወቃል።

በመንታ ቅርንጫፍ ላይ ከዛፍ ሽበትና ከጭቃ ተለስኖ የተቀመጠ ወፍራም ጽዋ መሰል ጎጆ ካገኙ፣ ደረቱ የዝንጅብል ቀለም ያለው፣ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የሚዘምረው የደጋ ወፍ ነው። በቀጋ እሾህ ውስጥ ተደብቆ አረንጓዴ ቅጠል የተነጠፈበት ደግሞ፣ ጭራቸው ከሰውነታቸው የረዘመ፣ እንደ አይጥ በቅርንጫፍ ላይ የሚሹለከለኩት ቡናማ ወፎች ነው። አትክልተኞች ቡቃያና ፍሬ ስለሚበሉባቸው አይወዷቸውም፤ እኔም በዚህ አልፈርድባቸውም፣ ነገር ግን ቊጥቋጦው ከመከርከሙ በፊት ጥቂት ሳምንት መታገሥ አትክልቱን አያጠፋም።

ስለ ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መንቆሯ ቀይ ነው፣ ወንዱ ግንባሩም ይቀላል፤ ከአገራችንና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በዱር አትኖርም። በግንድ ቀዳዳ የምትወልድ ብቻ ሳትሆን ዓመቱን ሙሉ ማታ ማታ የምታድርበትም ስለሆነ፣ ማታ ስትገባ አይቶ ወልዳለች ማለት ስሕተት ነው። በቀን፣ በተለይ እኩለ ቀን ላይ፣ ወንዱ ወደ ቀዳዳው እየተመላለሰ ምግብ የሚያቀብል ከሆነ ግን ሴቲቱ ውስጥ ታቅፋ ተቀምጣለች።

ዛፍ የሌለበትም ይታያል። አንገቷን በነጭ የታጠቀችው ግራጫ ርግብ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማትገኘው፣ በገደል ስንጥቅና በአብያተ ክርስቲያናት ጣራ ሥር ትራባለች፤ ስለዚህ የደብር ጣራ የሚጠግን አናጢ ከዛፍ ቈራጭ እኩል ይህን ይመልከት። በዋሻ ሚካኤል አካባቢ እንዳለው ባለ ዐለት ሥፍራ፣ በጉሮሮው ሥጋ የሚንጠለጠልበት፣ ማለዳ በጩኸቱ መንደር የሚቀሰቅሰው ጋጋኖም በዐለት ጠርዝ፣ አንዳንዴም በትልልቅ ዛፍ ላይ ከወገኖቹ ጋር ይሰፍራል። ቆቅ በሣር ሥር፣ በሌሊት የምትበረውም ወፍ ምንም ሳትሠራ በረገፈ ቅጠል ላይ እንቁላል ስለሚጥሉ፣ ቅጠል የምትጠርጊ እህቴ፣ መጥረጊያሽን ከማሳረፍሽ በፊት ዘንግሽን በሣሩ ላይ ቀስ አድርገሽ አሳልፊው፤ ቀድማ ትነሣልሻለች።

ጎጆውን አግኝተው ባለቤቱን ከለዩ በኋላ የሚቀረው ጊዜውን መስጠት ነው። ርግብ ሁለት ሳምንት ያህል ታቅፋ፣ ሁለት ሳምንት ያህል መግባ በአንድ ወር ገደማ ትጨርሳለች፤ ትናንሾቹ ዘማሪዎችም ከአንድ ወር እስከ አምስት ሳምንት ይበቃቸዋል። በቀቀኗ ከሁለት ወር በላይ፣ ጭልፊትና ፍልፈል አዳኙ ሦስት ወር ያህል፣ ጥንብ አንሣው ግን እስከ አምስትና ስድስት ወር ይወስዳሉ። በዛፉ ላይ ምልክት አያስሩ፤ ምልክት ለልጆችም ለቁራም ያሳያልና፣ በአጠገቡ ባለ ሌላ ዛፍ ላይ አስረው ለባልደረቦችዎ በቃል ይንገሩ። ወደ ጎጆው በየቀኑ አንድ መንገድ አያውጡ፤ ድመት ያንኑ ፈለግ ይከተላል። በተለይም ዝናብ ሲዘንብና ብርድ ሲበረታ የታቀፈችውን አያስነሡ፤ ሦስት ሺህ ሜትር በሚደርስ ጋራ ላይ እንቁላል ለመቀዝቀዝ ጊዜ አይወስድበትም።

ከጎጆ የወደቀ ጫጩት ላባ ለብሶ የሚዘል ከሆነ መብረር በመማር ላይ ስለሆነ ከመንገድ ወደ ቊጥቋጦ ፈቀቅ አድርገው ይተዉት። ራቁቱን ከሆነና ጎጆው በእጅ የሚደረስ ከሆነ መልሰው ያስገቡት፤ የሰው እጅ የነካውን ወላጆቹ አይቀበሉትም የሚባለው ወሬ ልማድ ብቻ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 በመንገድ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አብሮ እንዳይወስድ ያዝዛል፤ ያ ሕግ ልጆቹን መውሰድ ይፈቅድ ነበር፤ ነገር ግን በእኛ ዘመን የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ስለሚከለክል፣ የዛሬ ሠራተኛ እንቁላልም ጫጩትም ይዞ ወደ ቤቱ አይሂድ።

የተሰጠው ጊዜ አልቆ ጎጆው ጸጥ ሲል፣ ጫጩቶቹ በአጠገቡ ባሉ ቅርንጫፎች ላይ ሆነው ጥቂት ቀን መመገባቸው ስለማይቀር፣ አንድ ሳምንት ይጨምሩና ሥራዎን ይቀጥሉ። ከዚህ ደንብ የሚወጡት ሁለት ናቸው፤ አሞሮቹ ያንኑ ጎጆ ዓመት ዓመት እያደሱ ስለሚገቡበት ያ ዛፍ ከቈረጣው ተራ ቢወጣ፣ ግንደ ቆርቁር የፈለፈለውንም ቀዳዳ ሌሎች ወፎች በየተራ ስለሚይዙት ደረቁ ግንድ በሰው ላይ የሚወድቅበት አደጋ ከሌለ እንደ ቆመ ቢቀር ይመረጣል። አደጋ ካለበትም ከቀዳዳው በላይ ያለውን ጫፍ ብቻ አውርደው የቀረውን ይተዉት።